ካኒባል ሆሎካስት

ካኒባል ሆሎካስት (በግርድፍ ትርጉሙ «የሰው በላዎች እልቂት») በሩጄሮ ዴዎዳቶ ዳይሬክተርነት ተሠርቶ በ1980 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ የጣልያን አስፈሪ (ሆረር) ፊልም ነው። በ100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ በጀት፣ በአብዛኛው በኮሎምቢያ የአማዞን ጫካ ውስጥ ተቀረጸ። ታሪኩ የሚያተኩረው በጫካው ውስጥ በጠፉ አራት ፊልም ሠሪዎችና ከሞታቸው በኋላ በተገኘው ፊልማቸው ላይ ነው።

ፊልሙ ሚላኖ ከተማ ውስጥ በታየ በ10ኛው ቀን ገደማ በዳኛ ትእዛዝ ተያዘ። ዳይሬክተሩም መጀመሪያ በብልግና ተከሰሰ፤ ቀጥሎ ተዋንያኑን በእርግጥ ገድሏል ተብሎ እስከ መጠርጠር ደረሰ። ተዋንያኑ በሕይወት ነበሩ። ለካሜራው ሲባል የተገደሉት እንስሳት ግን በእርግጥ ሞተዋል፤ በፊልሙ ውስጥ እንደ ማሟያ የገቡት የሞት ቅጣት ምስሎችም እውነተኛ ነበሩ። ፊልሙ ከ40 ዓመታት በኋላም የሚያከራክረው በዚህ የእውነትና የሐሰት ቅልቅል ምክንያት ነው። (በዚህ መጣጥፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በእ.ኤ.አ. የተሰጡ ናቸው።)

ስሙና ዘውጉ

ካኒባል የሰው ሥጋ የሚበላ ሰው ማለት ነው፤ በአማርኛ «ሰው በላ»፣ በግዕዝ «በላዔ ሰብእ» ይባላል። ቃሉ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች የገባው ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በ1492 በካሪቢያን ደሴቶች ከሰማው የአንድ ሕዝብ መጠሪያ ነው። በ1503 የስፔን ንግሥት ኢዛቤላ ሰው በላ የተባሉትን የደሴቶቹን ነዋሪዎች እየያዙ ባሪያ ማድረግን ፈቀደች። ስለዚህ «ካኒባል» ገና ከመነሻው መግለጫ ብቻ አልነበረም፤ የተባለበትን ሕዝብ መብቱን የሚገፍ ክስ ነበር።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የቅርቡ ሰው በላ ከተአምረ ማርያም የሚታወቀው በላዔ ሰብእ ነው። 78 ሰዎችን የበላው ይህ ሰው ለአንድ የተጠማ ችግረኛ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ ይባላል። በዚያ ታሪክ ሰው በላው አንድ ግለሰብ ነው፤ ኃጢአቱ የራሱ ነው፣ መዳኛም አለው። በጣልያኖቹ ፊልሞች ግን ሰው በላ የሚባለው ስም የሌለው አንድ ሙሉ ሕዝብ ነው።

ካኒባል ሆሎካስት የሚመደበው «ኤክስፕሎይቴሽን» በሚባለው የፊልም ዓይነት ውስጥ ነው። ይህ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ፣ ዝነኛ ተዋናይ የሌለው፣ በዚያ ፋንታ ሰው የሚፈራውንም ለማየት የሚጓጓለትንም ነገር (ደም፣ ዕርቃን፣ ወንጀል) በመሸጥ የሚኖር ፊልም ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ላይ በጠመኔ የሚጻፍ ርዕስ መንገደኛን ማስቆም እንዳለበት ሁሉ፣ ለእንዲህ ያለው ፊልምም ርዕሱና ፖስተሩ ከታሪኩ ይበልጡ ነበር። «ሆሎካስት» የሚለውን፣ ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙትን እልቂት የሚያስታውስ ቃል ርዕስ ላይ መለጠፍም ከዚሁ የገበያ ስሌት ተለይቶ አይታይም።

የጣልያን ፊልም ኢንዱስትሪ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በዚህ ንግድ የተካነ ነበር። አንድ ፊልም ገንዘብ ካስገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ አስመሳዮቹ ይከተሉታል፤ «ስፓጌቲ ዌስተርን» የሚባሉት የካውቦይ ፊልሞች የበዙት በዚህ መንገድ ነው። የሰው በላ ፊልሞች ተራ የተከፈተው በ1972 በኡምቤርቶ ሌንዚ ፊልም ሲሆን፣ ዴዎዳቶ በ1977 «የመጨረሻው የሰው በላዎች ዓለም» የሚል ትርጉም ያለውን ፊልም ሠርቶ ተቀላቀለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልካች ሲሰለች ተራው ተዘጋ።

ሌላው የፊልሙ አባት «ሞንዶ» የሚባለው የዘጋቢ ፊልም ዓይነት ነው። ስሙን ያገኘው ጓልቲየሮ ጃኮፔቲ፣ ፍራንኮ ፕሮስፔሪና ፓውሎ ካቫራ በ1962 ከሠሩት «ሞንዶ ካኔ» ነው። የሞንዶ ፊልሞች ከዓለም ዙሪያ አስደንጋጭ ልማዶችን እንሰበስባለን ይሉ ነበር፤ ነገር ግን በእርግጥ የሆነውንና ለካሜራ የተቀነባበረውን ሳይለዩ ይቀላቅሉ ነበር። ጃኮፔቲና ፕሮስፔሪ በ1966 ያወጡት «አፍሪካ አዲዮ» (ደህና ሁኚ አፍሪካ) ቅኝ ገዥዎች ሲወጡ አህጉሩ በደም የታጠበ አድርጎ በማቅረቡ የዘረኝነት ክስ አስነሣ። ጃኮፔቲ በኮንጎ ለካሜራው ሲባል ግድያ እንዲፈጸም ተባብሯል ተብሎ ተከሶ በፍርድ ቤት ነጻ ወጥቷል። ዴዎዳቶ በካኒባል ሆሎካስት ሊያፌዝበት የተነሣው ይህን ዓይነት ፊልም ሠሪ ነው። የሞንዶ ካኔን ሙዚቃ የደረሰውን ሪትስ ኦርቶላኒን ቀጥሮ ማሠራቱም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ታሪኩ

ታሪኩ በሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያው ክፍል ሃሮልድ ሞንሮ (ሮበርት ከርማን) የተባለ የኒውዮርክ አንትሮፖሎጂስት አራት የጠፉ ወጣት ፊልም ሠሪዎችን ለመፈለግ ወደ አማዞን ይሄዳል። ወጣቶቹ «አረንጓዴው ሲኦል» ስለሚሉት ጫካ ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ ገብተው የቀሩ ናቸው። ሞንሮ በሁለት መንገድ መሪዎች እየተረዳ ያኩሞ ወደሚባሉት ሰዎች መንደር ይደርሳል። ሰዎቹ ፈርተውና ተቆጥተው ያገኛቸዋል፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም። ቀስ በቀስ እምነታቸውን አግኝቶ ወደ ጥልቁ ጫካ ሲዘልቅ የወጣቶቹን አጽምና ያልታጠቡ የፊልም ጥቅልሎቻቸውን ያገኛል።

በሁለተኛው ክፍል ሞንሮ ኒውዮርክ ተመልሶ ጥቅልሎቹን ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊዎች ጋር ይመለከታል። ተመልካቹም አብሮ ያያል። ወጣቶቹ በጦርነት ውስጥ የነበሩ ሰላማዊ ሰዎችን ሊዘግቡ የሄዱ መስለው ሳለ፣ ጦርነቱን ያስነሡት እነሱ ሆነው ይገኛሉ። የመንደሩን ሰዎች በጠመንጃ እያስፈራሩ ጎጆ ውስጥ አጉረው እሳት ይለቁባቸዋል፤ ከዚያ የተቃጠለውን መንደር የሌላ ጎሳ ጥቃት አስመስለው ይቀርጹታል። የሰውን ከብት ያለ ምክንያት ይገድላሉ፤ አንዲት ልጃገረድን ይደፍራሉ። በኋላ ያቺው ልጃገረድ የምትመስል ሴት እንጨት ላይ ተሰክታ ሲያገኟት፣ መሪያቸው አለን ያትስ ፊቱ ላይ የታየውን ፈገግታ ካሜራ እየቀረጸው መሆኑ ሲነገረው ወዲያው ወደ ሐዘን ይቀይረዋል። በፊልሙ ውስጥ ከደሙ ሁሉ ይልቅ የዴዎዳቶን ሐሳብ የሚያሳየው ይህ አንድ አፍታ ነው። በመጨረሻ የመንደሩ ሰዎች አሳድደው አራቱንም ይገድሏቸዋል፤ ካሜራው እስኪወድቅ ድረስ መቅረጹን አይተውም።

ጣቢያው ፊልሙን «አረንጓዴው ሲኦል» በሚል ርዕስ ሊያስተላልፈው ተዘጋጅቶ ነበር። ኃላፊዎቹ እስከ መጨረሻው ካዩ በኋላ ጥቅልሎቹ እንዲቃጠሉ ያዝዛሉ። ሞንሮም እውነተኞቹ ሰው በላዎች እነማን እንደሆኑ ራሱን እየጠየቀ ይወጣል።

አሠራሩ

ዴዎዳቶ (1939–2022) ሙያውን የተማረው ከሮቤርቶ ሮሴሊኒና ከሰርጂዮ ኮርቡቺ ሥር ረዳት ሆኖ ነው። ሮሴሊኒ ከጦርነቱ በኋላ ጎዳና ላይ፣ ተዋናይ ባልሆኑ ሰዎች ፊልም በመሥራት የታወቀ ነበር፤ ኮርቡቺ ደግሞ ደም የበዛባቸው የካውቦይ ፊልሞች ዳይሬክተር ነው። የሁለቱም አሻራ በካኒባል ሆሎካስት ይታያል።

ዴዎዳቶ ለፊልሙ ሐሳብ መነሻ የሆነው የጣልያን ቴሌቪዥን ዜና መሆኑን ተናግሯል። ዘመኑ «ቀይ ብርጌዶች» የተባለው የታጠቀ ቡድን የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር አልዶ ሞሮን በ1978 አግቶ የገደለበት ወቅት ነበር፤ በየምሽቱ ዜና ሬሳ ይታያል። ልጁ ይህን ሲመለከት ያየው ዴዎዳቶ፣ ጋዜጠኞቹ ለሚያሳዩት ነገር ምንም ኃላፊነት የማይሰማቸው መስሎ ታየው። የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው ጃንፍራንኮ ክሌሪቺ ነው።

ቀረጻው የተካሄደው በ1979 በኮሎምቢያ ደቡባዊ ጫፍ ባለችው የሌቲሲያ ከተማ አካባቢ ሲሆን፣ የከተማ ትዕይንቶቹ በኒውዮርክና በሮም ተሠሩ። የካሜራ ባለሙያው ሰርጂዮ ዶፊዚ ሁለቱን ክፍሎች በሁለት ዓይነት ፊልም ለየ። የሞንሮ ጉዞ በተለመደው የሲኒማ ቤት 35 ሚሊሜትር ፊልም ተቀረጸ። የወጣቶቹ «የተገኘ ፊልም» ግን የዜና ዘጋቢዎች በሚጠቀሙበት 16 ሚሊሜትር፣ በእጅ በሚያዝና በሚንቀጠቀጥ ካሜራ ተሠራ። ጭረት አለበት፤ ብርሃኑ አንዳንዴ ይበዛል፤ ድምፁ ይቋረጣል። አማካይ ተመልካች እንዲህ ያለውን ምስል አይቶ የሚያውቀው በዜና ብቻ ስለነበር ዓይኑ «ይህ እውነት ነው» ይለዋል። ዘዴው ርካሽ ነበር፤ ውጤቱ ግን ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ፊልሞች ያላገኙት ነው።

የሙዚቃው ሚና ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኦርቶላኒ የደረሰው ዋናው ዜማ እንደ እንጉርጉሮ ለስላሳና የሚያባባ ሲሆን፣ የሚሰማው ደግሞ ጫካው ከላይ ሲታይና መንደሩ ሲቃጠል ነው። በምስሉና በዜማው መካከል ያለው ክፍተት ተመልካቹን ከድብደባው በላይ ይረብሻል።

ተዋንያኑ ስማቸው ያልታወቀ ወጣቶች ነበሩ፦ ካርል ገብርኤል ዮርክ፣ ፍራንቼስካ ቻርዲ፣ ፔሪ ፒርካነንና ሉካ ባርባሬስኪ። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ለአንድ ዓመት በማናቸውም መገናኛ ብዙኃን ላለመታየት ውል ፈርመው ነበር። ዓላማው ሰው በእርግጥ ሞተዋል ብሎ እንዲያምን ነው። ይህ ውል በኋላ ዳይሬክተሩን ወደ ዕድሜ ልክ እስር ሊወስደው ምንም አልቀረውም።

ክሱ

ፊልሙ በሚላኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1980 (ጥር 29 ቀን 1972 ዓ.ም.) ነው። ብዙም ሳይቆይ ቅጂዎቹ ተያዙና ዴዎዳቶ በብልግና ተከሰሰ። ነገሩ የከፋው በ1981 መጀመሪያ «ፎቶ» የተባለ የፈረንሳይ መጽሔት በፊልሙ ውስጥ ከሚታዩት ሞቶች አንዳንዶቹ እውነተኛ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ጽሑፍ ካወጣ በኋላ ነው። ክሱ ወደ ነፍስ ግድያ ተለወጠ።

ዴዎዳቶ ራሱ ደጋግሞ እንደተረከው፣ ባርባሬስኪን ፈልጎ ሌሎቹን እንዲያሰባስብ ለመነው፤ የዝምታውን ውል አፍርሰው በሕይወት መኖራቸውን አሳዩ። ቀጥሎ የተጠየቀው ስለ ተሰካችው ሴት ነበር። ዘዴው ቀላል ነው፦ ሴትየዋ በብረት ምሰሶ ላይ በተገጠመ የብስክሌት መቀመጫ ላይ ተቀምጣ፣ ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት የተሠራ ሹል ነገር በአፏ ይዛ ወደ ላይ አንጋጣለች። ከቀረጻው በኋላ ከሠራተኞቹ ጋር የተነሣቻቸው ፎቶዎችም ቀረቡ። የግድያው ክስ ተሰረዘ።

ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ ዴዎዳቶን፣ ጸሐፊውንና ፕሮዲውሰሮቹን በእንስሳት ላይ በተፈጸመ ጭካኔ ጥፋተኛ ብሎ በገደብ የታለፈ የ4 ወር እስራት ፈረደባቸው፤ ፊልሙም ታገደ። እገዳው የተነሣው ከረጅም ክርክር በኋላ በ1984 ነው።

ሞቷል ከተባሉት አንዱ የሆነው ባርባሬስኪ ከዓመታት በኋላ የታወቀ ተዋናይና ፕሮዲውሰር ሆኖ፣ በ2008 ለጣልያን ፓርላማ ተመርጧል።

በእርግጥ የሞቱት

በፊልሙ ሥራ 7 እንስሳት ተገድለዋል፤ የ6ቱ ሞት በስክሪን ላይ ይታያል። እነሱም ኮአቲ የሚባል አፍንጫው የሾለ ትንሽ የጫካ አውሬ፣ ትልቅ የወንዝ ኤሊ፣ ታራንቱላ የሚባል ሸረሪት፣ እባብ፣ ጦጣና አሳማ ናቸው። ሰባተኛዋ ሌላ ጦጣ ናት፤ ትዕይንቱ እንደገና መቀረጽ ስላለበት ሁለት ጊዜ ተገደለ። ዴዎዳቶ ለረጅም ጊዜ እንስሳቱ በአካባቢው ሰዎች የሚበሉ ናቸው በማለት ተከራክሯል። አሳማው በጥይት፣ ኤሊው በገጀራ በካሜራ ፊት መሞቱን ግን ይህ አያብራራም። ኤሊውን ያረደው ትዕይንት ካለቀ በኋላ ፒርካነን እንዳለቀሰ፣ ከርማንም ኮአቲው ሲገደል ከቀረጻው ቦታ ጥሎ እንደወጣ ተናግረዋል። ዴዎዳቶ በእርጅናው ዘመን እንስሳቱን ማስገባቱ ስሕተት እንደነበር አምኗል።

በፊልሙ ውስጥ ብዙ ያልተነገረለት ሌላ እውነተኛ ሞት አለ። ወጣቶቹ ከዚህ ቀደም ሠርተውታል ተብሎ «የመጨረሻው የሲኦል መንገድ» በሚል ርዕስ የሚታየው አጭር ፊልም በአፍሪካና በእስያ ከተቀረጹ እውነተኛ የሞት ቅጣቶች የተለቀመ ነው። ታሪኩ ውስጥ አንዲት የጣቢያው ኃላፊ እነዚህም በክፍያ የተቀነባበሩ እንደነበሩ ትናገራለች። ይኸውም በእርግጥ የተረሸኑ ሰዎች በልብ ወለድ ውስጥ «ሐሰት» ተብለው ቀረቡ፤ ያልሞቱት ተዋንያን ደግሞ በፍርድ ቤት «እውነት» ሞተዋል ተባሉ። ለተረሸኑት ሰዎች የጠየቀ ዳኛ አልነበረም።

የጎሳዎቹም ጉዳይ አለ። ፊልሙ ለጠላት ጎሳዎቹ «ያኖማሞ» እና «ሻማታሪ» የሚሉ ስሞችን ሰጥቷል፤ ሁለቱም የተወሰዱት በቬንዙዌላና በብራዚል ድንበር ከሚኖሩት የያኖማሚ ሰዎች ነው። ያኖማሚዎች ከሌቲሲያ እጅግ ርቀው ይኖራሉ፤ ሰው አድነውም አይበሉም። የሚታወቅ ልማዳቸው የሞተ ዘመድን አጥንት አቃጥለው አመዱን ከሙዝ ሾርባ ጋር ደባልቀው በቀብር ሥርዓት ላይ መጠጣት ሲሆን፣ ለሟቹ ያላቸው ፍቅር መግለጫ ነው። ፊልሙ በተሠራባቸው ዓመታት በብራዚል በኩል በመሬታቸው ላይ በተቀደደው አውራ መንገድ የገቡ ኩፍኝና ሌሎች በሽታዎች መንደሮቻቸውን ይጨርሱ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወርቅ ፈላጊዎች ወረሯቸው። መሬታቸው በብራዚል መንግሥት የታወቀው በ1992 ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ «ያኖማሞ» ሲበላ ያየው አውሮፓዊ በተመሳሳይ ሰዓት እነሱ በምን እየሞቱ እንደነበር የሚያውቅበት መንገድ ጥቂት ነበር።

በሌሎች አገሮች የደረሰበት

የፊልሙ ማስታወቂያዎች «ከ50 በላይ አገሮች የታገደ» ይሉታል። ይህ ቁጥር ከሳንሱር መዝገብ ይልቅ የሻጭ ቋንቋ ነው፤ እገዳ ለኤክስፕሎይቴሽን ፊልም ከሁሉ የበለጠ ማስታወቂያ ነውና። የእንግሊዝ አከፋፋዩ ፊልሙን በቪዲዮ ካሴት ሲያወጣ፣ ወሬ እንዲነሣለት ብሎ ለሥነ ምግባር ተሟጋቿ ለሜሪ ዋይትሃውስ ስሙን ሳይገልጽ የአቤቱታ ደብዳቤ ጽፏል ይባላል። ወሬው ተነሣ፤ ከታሰበው በላይ። ፊልሙ በእንግሊዝ ዐቃቤ ሕግ «ነውረኛ ቪዲዮዎች» ተብለው ከተዘረዘሩት አንዱ ሆነ፤ ግርግሩም በ1984 የቪዲዮ ሕግ እንዲወጣ ምክንያት ሆነ።

የእንግሊዝ የፊልም መዳቢ ቦርድ በ2001 ፊልሙን የፈቀደው 5 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ ቆርጦ ነው። በ2011 እንደገና ሲያየው የቆረጠው 15 ሴኮንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የኮአቲው መገደል ነው። በ10 ዓመት ውስጥ በሰው ላይ የሚታየው የተተወነ ጭካኔ ሁሉ ተፈቀደ፤ በሕግ የተከለከለው የአንድ እንስሳ እውነተኛ ሥቃይ ብቻ ቀረ። አውስትራሊያ ውስጥ እገዳው የተነሣው በ2005 ነው።

የተቺዎች አስተያየት

ፊልሙ ሲወጣ አብዛኛው ተቺ ቆሻሻ ብሎ አልፎታል። ዴዎዳቶ ግን ታላቁ ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ደብዳቤ ጽፎ ሁለተኛውን ክፍል እንዳደነቀለትና ብዙ ጣጣ እንደሚገጥመው እንዳስጠነቀቀው ይናገር ነበር። ማስጠንቀቂያው ልክ ሆነ።

በኋላ የመጡ ተቺዎች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ፊልሙን የመገናኛ ብዙኃን ሒስ አድርጎ ያነበዋል፦ ሠልጥኛለሁ የሚለው ሰው ካሜራ ይዞ ሲመጣ አረመኔ እሱ ነው፤ ጣቢያውም ሰው የሚያየው እስከሆነ ድረስ ምንም ለማስተላለፍ ዝግጁ ነው። ሁለተኛው ወገን ሒሱ ሽፋን ነው ይላል። የአለን ያትስ ቡድን በእውነተኛ ሰዎች መንደር ገብቶ፣ እንስሳ ገድሎ፣ ሥቃይ አቀነባብሮ ሸጠ፤ የዴዎዳቶ ቡድንም በእውነተኛ ሰዎች መንደር ገብቶ፣ እንስሳ ገድሎ፣ ሥቃይ አቀነባብሮ ሸጠ። ከርማን በቃለ መጠይቆቹ ስለ ዳይሬክተሩ የተናገረው እጅግ መራራ ነው፤ በዳይሬክተሩና በሚወቅሳቸው ገጸ ባሕርያት መካከል ልዩነት አልታየውም።

ሁለቱም ንባቦች በፊልሙ ውስጥ ማስረጃ አላቸው። ሆኖም ሒሱ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ፊልሙ ስለ ፊልም ሠሪዎቹ ሕሊና ብዙ ሲጨነቅ ለመንደሩ ሰዎች ስም፣ ንግግር፣ ቤተሰብ አልሰጣቸውም። እየተበደሉ ሳሉም ሊበሉ የተዘጋጁ ናቸው፤ ስለዚህ የቴሌቪዥኑን ውሸት የሚያጋልጠው ፊልም የኮሎምበስን ክስ ሳይነካው ያልፋል።

ያወረሰው ስልት

«የተገኘ ፊልም» የሚባለው ስልት በሲኒማ ውስጥ ሥር የሰደደው ከካኒባል ሆሎካስት በኋላ ነው። ዝነኛው ወራሽ በ1999 የወጣው የአሜሪካው «ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ነው፤ እሱም ጫካ ውስጥ የጠፉ ተማሪዎች የተዉት ቪዲዮ ተደርጎ ቀረበ። የዴዎዳቶን የዝምታ ውል ሥራ በዚህ ጊዜ ኢንተርኔት ተካው፦ ተዋንያኑ ጠፍተዋል የሚል መረጃ በድረ ገጾች ተሰራጨ። በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር የተቀረጸው ፊልም ወደ 250 ሚሊዮን የሚጠጋ ገቢ አስገኘ፤ ማንም ግን በነፍስ ግድያ አልተከሰሰም። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኢላይ ሮዝ በ2013 የሠራውን ፊልሙን «አረንጓዴው ሲኦል» ብሎ ለዴዎዳቶ መታሰቢያ አድርጎታል።

የኢትዮጵያ ምስልና የጣልያን ካሜራ

የሩቅ ሕዝብን አረመኔነት በካሜራ «ማስረዳት» በጣልያን ከሞንዶ ፊልሞች በፊት የመንግሥት ሥራ ነበር፤ ዋናዋ ተቀራጭም ኢትዮጵያ ነበረች። በ1924 የተቋቋመው «ኢስቲቱቶ ሉቼ» የፋሺስቱ መንግሥት የዜናና የፕሮፓጋንዳ ፊልም ድርጅት ነው። ወረራው ከመጀመሩ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 1935፣ ጣልያን ለመንግሥታት ማኅበር በፎቶግራፍ የተደገፈ ሰነድ አቅርባ ኢትዮጵያ ባርነት የሰፈነባት፣ የማኅበሩ አባል ልትሆን የማይገባት አገር ናት ብላ ከሰሰች። ባርነት በኢትዮጵያ በእርግጥ ነበር። ፎቶዎቹ ግን የቀረቡት ባሪያውን ለማስፈታት ሳይሆን አገሩን ለመውረር ነው።

ከጦሩ ጋር የዘመቱት የሉቼ ካሜራዎች የሚሠሩ መንገዶችንና ድልድዮችን፣ ነጻ የወጡ ባሮችንና የሚዘምሩ ወታደሮችን ቀረጹ። ከአውሮፕላን የተረጨውን የመርዝ ጋዝ ለሕዝብ አላሳዩም። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር በጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ በ1996 ነው። በካኒባል ሆሎካስት ውስጥ ወጣቶቹ መንደሩን አቃጥለው እሳቱን ለሌላ ጎሳ ሲሰጡ፣ ዴዎዳቶ ይህን ታሪክ አሰበውም አላሰበው፣ ለኢትዮጵያ ተመልካች ትዕይንቱ አዲስ አይደለም።

ካሜራ በሰው ሥቃይ ላይ ምን መብት አለው የሚለው ጥያቄ ደግሞ በወሎ ሌላ መልክ አለው። በኦክቶበር 1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርዕስ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። የተቀረጹት ሰዎች መንግሥት ሊሸፍነው ከሚፈልገው እልቂት የተረፉ፣ በአብዛኛው ወደ አስመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ባሉ መጠለያዎች የተኮለኮሉ ገበሬዎች ነበሩ። እዚህ ምንም የተቀነባበረ ነገር አልነበረም፤ ፊልሙም ብዙ ርዳታ አስገኝቷል።

ከ11 ወራት በኋላ ያው ፊልም ሌላ ሥራ ተሰጠው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ደርግ የዲምብልቢን ምስሎች ከቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲመግቡ ከሚያሳዩ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱት ተነግሯቸው ነበር። በማግስቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የሚራበውም የሚደገሰውም እውነት ነበር፤ አዲስ የሆነው የሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጥ፣ ማለትም ኤዲቲንጉ ነው። ደርግ ራሱ በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰውን ረሃብ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል እስኪያልፍ ድረስ ከካሜራ ለማራቅ ሞከረ፤ የቢቢሲ ዘገባ ከኮረም እስኪወጣ ድረስ። በእነዚያ ምስሎች ውስጥ የሚታዩት ሰዎች ለብዙው የዓለም ተመልካች እስከ ዛሬ ስም የላቸውም።

ፊልሙ ዛሬ

ዴዎዳቶ በዲሴምበር 29 ቀን 2022 በ83 ዓመቱ በሮም አርፏል። ካኒባል ሆሎካስት ታድሶ በዲስክ ይሸጣል፤ በፊልም ትምህርት ክፍሎችም ስለ ዘጋቢ ፊልም ሥነ ምግባር ሲነሣ ይጠቀሳል። በአሜሪካ በወጣው ዲስክ ላይ ተመልካቹ ከመጀመሩ በፊት እንዲመርጥ ይጠየቃል፦ ሙሉውን ፊልም፣ ወይም የእንስሳቱ ግድያ የተቆረጠበትን። የተረሸኑት ሰዎች በሁለቱም ውስጥ አሉ።